የጋሼ ፊርማ ባዶ ጠርሙሶች

ሰኞ 4

መጥሪያ ደረሰኝ። በሃያ ስምንት ዓመት የመንግሥት ሥራ የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ አሁን ለምስክርነት ተጠራሁ፣ ያውም በገዛ እህቴ ላይ። የወንዝ ዳር ሰፈር ነዋሪዎች መንግሥትን ከሰዋል። አንደኛ ከሳሽ ታላቅ እህቴ እታለም። የመንግሥት አንደኛ ምስክር እኔ፣ የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ባለሙያዋ። እናታችን ይህን ሳታይ አረፈች፤ ተመስገን ነው።

ኃላፊያችን ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሳበልኝ፤ ከዚያ "እርስዎ" አለኝ። ሁለቱም ከዚህ በፊት ተደርገውልኝ አያውቁም። "ቀላል ነገር ነው። ሰባት ዓመት ወንዙን መርምረዋል፤ ሰባት ዓመት ‘ነዳጅ አልተገኘበትም’ ብለው ፈርመዋል። ያንኑ መድገም ነው።"

ያንኑ እደግማለሁ። ሥራዬን አውቃለሁ። በዚህ ቢሮ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ረቡዕ 6

ነገሩን በቅጡ ልጻፈው፣ ለራሴም እንዲገባኝ። ከሰፈሩ በላይ የነዳጅ ቱቦ ወንዙን ያቋርጣል። የሰፈሩ ሰው ከወንዙ ቀድቶ፣ አጥልሎ ይጠጣል። ቱቦው ሾልኳል ይላሉ፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ። ኩባንያው ቱቦውን ለሌላ ሸጠ፤ ሌላው ቢሮውን ዘጋ። አሁን የቀረው በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ብቻ ነው። መንግሥትም "ያጠፋው ኩባንያው፤ እኔ ምን አገባኝ? እኔማ በየሦስት ወሩ ስመረምር ነበር" ብሎ ለክሱ መልስ ሰጥቷል። ስመረምር ነበር ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። ሰው ሳያስበው መንግሥት ሆኖ ይገኛል።

ምሳ ሰዓት፣ ኮሪደር ላይ፦ "እስቲ እህቷን ምን እንደምታደርጋት እናያለን።" ማን እንዳለው ዞሬ አላየሁም።

ቅዳሜ 9

እታለም ዘንድ ዋልኩ። እንደ ሁልጊዜው ውሃዬን ከቤት ይዤ ሄድኩ፤ ሆዴ ቦታ ሲቀይር ይረበሻል።

መረብ ትጠግን ነበር። ዓሣ ከወንዙ ከጠፋ አራት ዓመቱ፤ እሷ ግን መጠገኗን አልተወችም። "ለማን ነው?" ብላት "ለጣቶቼ፤ እንዳይረሱ" አለችኝ። የጣቶቿ መካከል ተሰነጣጥቋል። "ቅባት ተቀቢ" አልኳት። "ቅባቱማ ከወንዙ በነፃ ይደርሰኛል" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ እንጃ።

"ልትመሰክሪብኝ ነው አሉ።"

"ባንቺ ላይ አይደለም፤ ስለ ውሃው ነው።"

"እኛና ውሃው መቼ ተለያየን?"

ኩባንያውን ትተው መንግሥትን ለምን እንደከሰሱ ጠየቅኋት። መርፌዋን ሳታቆም መለሰችልኝ። "ኩባንያው ሌባ ነው። ሌባ ይሰርቃል፣ ሥራው ነው። ዘበኛው የት ነበር? ደመወዝ የሚበላው፣ ዱላ የያዘው፣ በር ላይ የተቀመጠው? እኛ እሱን ነው የጠየቅነው።" ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን ጠርሙሴንም አየች፤ ወደ መርፌዋ ተመለሰች። ምናልባት ጠምቷት ይሆናል።

ማክሰኞ 12

የከሳሾቹ ጠበቃ ያቀረበችው የባለሙያ ሪፖርት ግልባጭ ደረሰን። ሌላ ላቦራቶሪ መርምሮ ነዳጅ አግኝቷል፤ ከሚፈቀደው ሠላሳ እጥፍ ይላል። ሠላሳ! ደሜ ፈላ። እኛ ሰባት ዓመት ያጣነውን እነሱ ባንድ ጠዋት አገኙት?

አሠራሬን ቁጭ ብዬ መረመርኩት። ጠርሙሱን በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀልቃለሁ። ላይ ላዩ ያለው ቆሻሻ እንዳይገባ ክንዴ እስኪሰምጥ ዝቅ አድርጌ እሞላለሁ፤ እከድናለሁ፤ ቀኑን ጽፌ እፈርማለሁ። ቢሮ ስመለስ ግማሹን ቀድቼ እመረምራለሁ። ለጨው፣ ለብረት፣ ለጀርም እንዲህ ነው የተማርነው። በፊት ጠርሙሱ የመስታወት ነበር፤ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ካሥሩ አራቱ ተሰብሮ ይደርሳል። በፕላስቲክ ይተካ ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ለዚያ የተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት እስከ ዛሬ የላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ፍሬም የገባለትም በራሴ ወጪ ነው።

ሐሙስ 14

የሪፖርቱ ዘጠነኛ ገጽ። ሦስቴ አነበብኩት። ነዳጅ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ይንሳፈፋል፣ የዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ይላል። ስለዚህ ናሙናው ከውሃው ላይ ላዩን፣ በመስታወት ይቀዳል። ጠርሙሱ አይለቀለቅም። ውሃው በሙሉ ይመረመራል። በመጨረሻም ጠርሙሱ ራሱ በማሟሚያ ፈሳሽ ይታጠብና እጣቢው ይደመራል።

እኛ እንግዲህ ውሃውን መርምረን ነዳጁን ጠርሙሱ ላይ ስንተወው ኖረናል።

ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። ካምስት ዓመት በፊት አንድ ስልጠና ነበር፤ ያን ዕለት ጥርሴን አሞኝ በጊዜ ወጥቻለሁ።

ሰኞ 18

ጠርሙሱ ላይ ስንተወው ኖረናል! ከሐሙስ ጀምሮ ይህን ስደግም ከርሜ ዛሬ ጠዋት ቀጥዬ ማሰብ ቻልኩ። ጠርሙሶቹስ የት ናቸው?

ንብረት ክፍል ወረድኩ። እዚያ ያሉትን ሽማግሌ ሁላችንም ጋሼ ፊርማ እንላቸዋለን፤ ያለ ፊርማ እስክሪብቶ እንኳ አያወጡም። "ጋሼ፣ ያገለገሉት የናሙና ጠርሙሶች የት ተጣሉ?" አልኳቸው።

በንቀት አዩኝ። "ተጣሉ? ማን ፈርሞ?"

ያገለገለ ንብረት የሚጣለው በአስወጋጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው። ኮሚቴው ከተቋቋመ ስምንት ዓመቱ፤ አንድ ቀን ተሰብስቦ አያውቅም። ጋሼ ፊርማ ታዲያ በየሦስት ወሩ የመለስኩላቸውን ሁሉ እየመዘገቡ፣ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከሞቱ ኮምፒውተሮች ጀርባ ደርድረውታል። ሰማንያ አራት ባዶ ጠርሙስ፣ እንደተከደነ። እያንዳንዱ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ፊርማዬ። ሃያ ስምንቱ ከቱቦው በላይ የተቀዱ፣ ሃምሳ ስድስቱ ከቱቦው በታች።

አንዱን ከፍቼ አሸተትኩ፤ ለሳቸውም አቀረብኩላቸው። አፍንጫቸውን ያዙ። "ይሄ ነው እንዴ? እኔ እኮ ጄኔሬተሩ የሚያፈስ መስሎኝ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኝህ ሰው ሞኝ ከሆኑ ሞኝነታቸው ይባረክ።

ረቡዕ 20

ፈርሜ ስድስት ጠርሙስ ለአንድ ቀን በውሰት ወጪ አስደረግሁ፤ ሁለት ከላይ፣ አራት ከታች። አንድ አዲስ ጠርሙስም ለማመሳከሪያ። በማሟሚያ አጠብኩ፣ እጣቢውን አተነንኩ፣ የቀረውን መዘንኩ።

አዲሱ ምንም የለውም። ከላይ የተቀዱት ምንም። ከታች የተቀዱት አራቱም ሳህኑ ላይ ቡናማ ቀለበት ትተዋል።

ጮህኩ። በደስታ ነው የጮህኩት፤ ትክክለኛውን መልስ ያገኘ ተማሪ እንደሚጮኸው። ከዚያ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አንደኛው ጠርሙስ የሰባት ዓመት ነው። ያኔ እታለም ፀጉሯ ገና ጥቁር ነበር።

ዓርብ 22

ለኃላፊው አሳየሁት። ወንበር የለም፤ "አንቺ" ተመልሷል። "ማን ሥሪ አለሽ? ሁለት ዓመት ለጡረታ ቀርቶሽ በእሳት ትጫወቻለሽ?"

"እሳት አይደለም፤ ነዳጅ ነው" አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሰኞ 25

ጉድ ነው! አስወጋጅ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ስምንት ዓመት ያልተገናኙ ሰዎች ጠዋት በሁለት ሰዓት ተገኙ። አጀንዳ አንድ፦ ያገለገሉ ጠርሙሶችን ስለማቃጠል። ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ንብረት ክፍል በር ላይ ቆመ።

ጋሼ ፊርማ መነጽራቸውን አወጡ፣ ወለወሉ፣ ቃለ ጉባኤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። "መመሪያው አምስት አባል ነው የሚለው" አሉ። "እዚህ የፈረሙት አራት ናቸው።"

"አምስተኛው እኮ ሞቷል!" አለ ኃላፊው።

"ነፍስ ይማር። እንግዲያው ምትክ ይሾምና የሹመቱ ደብዳቤ ይምጣ። የመንግሥት ንብረት ባጎደለ ፊርማ አላወጣም።"

ኃላፊው ለመነ፤ ተቆጣ፤ እንደገና ለመነ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ በሳቅ ፈረስኩ። በኋላ "ጋሼ፣ ይኑሩልኝ" ብላቸው "ምን አደረግሁ? መመሪያ ነው" አሉኝ። ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

ሐሙስ 28

ከላቦራቶሪ አነሡኝ። "ለጊዜው መዝገብ ቤት" ይላል ደብዳቤው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት ሻይ ያስጠጣኋቸው ሁሉ ዛሬ ደረጃው ላይ ሲያዩኝ ስልካቸውን ያወጣሉ።

መሳቢያዬን ስጠርግ የዚያ ስልጠና ደብተር ወጣ። ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር፤ ግን እዚህም ከዋሸሁ የት ልናገር ነው? በገዛ እጄ ጽሕፈት "ለነዳጅ መስታወት!" ይላል፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ጥርሴን ያመመኝ ሌላ ቀን ነው።

ያኔ ከስልጠናው ስመለስ ለኃላፊው ልነግረው አስቤ ነበር። እውነቴን ነው፣ አስቤ ነበር። ቀና ስል የምስጋና ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነበር።

ሰኞ 2፣ አዲስ ወር

ሰዎቹ አንድ ነገር ዘንግተዋል። መዝገብ ቤት ማለት ማኅተሙ ያለበት ክፍል ነው።

ፍርድ ቤቱ የወንዙን ምርመራ የሚመለከት ማንኛውም ሰነድ ይቅረብ ብሎ ካዘዘ ቆይቷል። የስድስቱን ጠርሙሶች ውጤት በሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ሰማንያ አራቱ የት እንዳሉም ጨመርኩበት። ፈረምኩ፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም አሳረፍኩበት፣ ወደ ፍርድ ቤት ከሚሄደው ጋር አያያዝኩት። ግልባጩን ለኃላፊው በእጁ ሰጥቼ አስፈረምኩት። ሳያነብ ፈረመ። ድሮም አንብቦ ፈርሞ አያውቅም፤ እኔም በዚህ አልስቅበትም፣ የሰባት ዓመት ወረቀት አብረን ነው የፈረምነው።

ዓርብ 6

ጠርሙሶቹ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታሸጉ! ጋሼ ፊርማ አንድ በአንድ ቆጥረው አስረከቡ። ፖሊሱን ሰማንያ አራት ጊዜ አስፈረሙት። ልጁ ሲወጣ እጁን ያሽ ነበር።

ረቡዕ 11

ባለቤቴ ጠዋት ሸሚዜን ተኮሰልኝ። "ጡረታሽስ?" እያለ ነው የተኮሰው። በሠላሳ ዓመት ትዳር ተኩሶልኝ ስለማያውቅ አንዱን እጅጌ አቃጠለው። እጅጌውን ጠቅልዬ ለበስኩት።

ችሎቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። እታለም ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ። የመንግሥት ነገረ ፈጅ ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ የሚወርድ ሰው ነው። "በዚህች ምስክር መጠቀም ትተናል" አለ። የመሐል ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። "ችሎቱ ግን ሊሰማት ይፈልጋል።"

የከሳሾቹ ጠበቃ ተነሣች። "ሰባት ዓመት ‘አልተገኘበትም’ ብለው ፈርመዋል። ንጹሕ ነበር?"

"ወረቀቱ ንጹሕ ነበር" አልኩ።

ተፈቅዶልኝ እዚያው ሠራሁት። መስኮቶቹ ተከፈቱ። ሦስት ጠርሙስ፦ አዲስ፣ ከቱቦው በላይ፣ ከቱቦው በታች። በየአንዳንዱ ማሟሚያ ጨምሬ ናጥሁ፤ እጣቢውን በነጭ ማጣሪያ ወረቀት ላይ አፈሰስኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሁለቱ ወረቀቶች ነጭ ሆነው ደረቁ። ሦስተኛው ቡናማ ሆነ፤ ሽታው የኋላ ወንበር ድረስ ሄደ። ከሰፈሩ አንዲት እናት "ይኸው! የቤቴ ሽታ!" ብላ ብድግ አለች። ዳኛዋ ዝም በይ አላሏትም።

ከዚያ ስለ መስታወቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ምስጋና ወረቀቱ፣ ሁለት ጊዜ ስለተሰመረበት ደብተር፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ነገረ ፈጁ እዚህ ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ተነሥቶ ጣቱን ወደ እታለም ቀሰረ።

"እህትዎ እዚያ ይኖራሉ። ይጠይቋቸዋል?"

"በየወሩ።"

"ታዲያ በእነዚህ ሰባት ዓመታት እህትዎ ቤት ሲሄዱ ምን ውሃ ይጠጡ ነበር?"

የወንዙን የጠጣሁ መስሎታል። "ስትጠጣው የኖረችውን ዛሬ መርዝ አለችው" ሊል ተዘጋጅቷል፤ ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

"ከቤቴ ይዤ የሄድኩትን" አልኩ።

"አልሰማሁም?"

"የራሴን ውሃ፣ በጠርሙስ። ሰባት ዓመት ከእህቴ ቤት አንድ ጉንጭ ጠጥቼ አላውቅም።"

ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ። "ለምን?"

ሆዴ ልል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። "አውቅ ስለነበር" አልኩ።

ጻፉት። እታለምን ለማየት አንገቴ አልዞር አለኝ።

ሐሙስ 12

ጠበቃዋ ደወለች። "‘መንግሥት አያውቅም ነበር’ የሚለውን መከራከሪያ በሁለት ቃል ቀበሩት" አለችኝ። ሰው ሁሉ እጄን ይጨብጣል።

እታለም ግን ትናንት ሳታየኝ ነው የወጣችው።

እሑድ 15

ቤቷ ሄድኩ። ጠርሙስ አልያዝኩም። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገብቼ ቆምኩ። ቁጭ በይ አላለችኝም።

"አይቼሻለሁ" አለች። "ሰባት ዓመት ያን ጠርሙስሽን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጪ አይቼሻለሁ። ክሱን የጀመርኩት በሱ ነው። የተማረችው እህቴ ካልጠጣችው ውሃው አንድ ነገር አለው አልኩ፤ ሰውም ሰበሰብኩ፣ ጠበቃም ፈለግሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም፣ እታለም?"

"አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነዋ።" ወደ መረቧ ዞረች። "በይ ሂጂ። ገና አልበረደልኝም።"

ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። አፈርኩ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

ቅዳሜ 28

ዝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም።

ዛሬ የእታለም ጎረቤት አንድ ከረጢት አድርሳልኝ ሄደች። ውስጡ ከአሮጌ መረብ የተሠሩ አሥራ ሁለት ከረጢቶች፣ ድርብርብ፣ አፋቸው የሚሳብ፣ እያንዳንዱ ለአንድ ጠርሙስ ልክ። "‘መስታወቱ መንገድ ላይ እንዳይሰበርባት’ ብላለች" አለችኝ። ሌላ መልእክት የለም። ከረጢቶቹን ታቅፌ ብዙ ቆየሁ።

ማክሰኞ 8፣ ሌላ ወር

አሸነፍን!

እንደገና ልጻፈው፤ አሸነፍን። ለመንግሥት ተጠርቼ ሄጄ "አሸነፍን" ማለቴ ሌላውን ግራ ያጋባው ይሆናል፤ እኔን ግን አያጋባኝም።

ዳኛዋ አንድ ሰዓት ሙሉ አነበቡ። ጉዳቱን ያደረሰው ኩባንያ መሆኑ መንግሥትን ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም፤ ዜጎች ጤናማ ውሃ የማግኘትና በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብታቸውን ሌላ እንዳይጥሰው የመጠበቅ ግዴታ የራሱ የመንግሥት ነው አሉ። ስለ ምርመራችን ሲደርሱ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አነሡ፦ "እንዳይገኝ አድርጎ መፈለግ ፍለጋ አይባልም።" ጎንበስ አልኩ። ትክክል ናቸው።

በአሥራ አምስት ቀን ንጹሕ ውሃ ይግባ። ሕዝቡ በመንግሥት ወጪ ይታከም። ዳርቻው ይጽዳ። ምርመራው በትክክለኛው ዘዴ ይደገም፤ ውጤቱም ሰፈሩ ውስጥ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ኩባንያውን መንግሥት ራሱ ይከተለው።

እልልታው ጣራ ነካ። ሰዎቹ እታለምን ተሸከሟት፤ "ልቀቁኝ፣ ወገቤን!" እያለች በትከሻቸው ላይ ወጣች። በዚያ ሁሉ ግርግር ጋሼ ፊርማ ሬጅስትራሩን ይዘው፦ "ጉዳዩ ካለቀ ሰማንያ አራቱ ይመለሱልኝ።"

ሰኞ 14

ኃላፊው ጠራኝ። ወንበር አለ። ፍርድ ቤቱ ባዘዘው ዘዴ መሥራት የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። "ላቦራቶሪው እርስዎን እየጠበቀ ነው" አለኝ። ሳልቀመጥ "የመስታወት ጠርሙስ አሥራ ሁለት" አልኩት። ጥያቄውን ዛሬ አንብቦ ነው የፈረመው።

ግድግዳው ላይ ያለውን የምስጋና ወረቀት አውርጄ ፍሬሙን አስቀረሁ። የመጀመሪያው እውነተኛ ውጤት ይገባበታል።

ዓርብ 25

ኮረኮንቹን ሁለት ሰዓት ተንገጫገጭን። አሥራ ሁለት የመስታወት ጠርሙስ በእታለም መረብ ውስጥ ሄዱ፣ ሞልተው ተመለሱ። አንድም አልተሰበረም። ከውሃው ላይ ላዩን ቀዳሁ፤ አላለቀለቅሁም። ውጤቱ መጥፎ ይሆናል፤ ወንዝ ባሥራ አምስት ቀን አይድንም። ቢሆንም ሰኞ ሰፈሩ ውስጥ ይለጠፋል፣ ፊርማዬ ከሥሩ።

የቧንቧው ውሃ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሩቅ ከተራራው የመጣ፤ ራሴ መርምሬዋለሁ። ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር። እታለም ከፊት ቆማለች። ስታየኝ ኩባያ ሞላችና በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋችልኝ።

"ጠጪ።"

ጠጣሁ፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ።

ኩባያውን ተቀበለችኝ፣ እንደገና ሞላችው። ስትስቅ ጥርሷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

"ይሄ አንድ" አለች። "የሰባት ዓመት ይቀርሻል።"

ሁለተኛውንም ጠጣሁ።